ሕጋዊ ምት

የአሜሪካን ፉትቦል ሕግ በቃሌ ያጠናሁት ልጄ ከሜዳ በተባረረ ሰሞን ነው። ከዚያ በፊት ጨዋታው አይገባኝም ነበር፤ እንዲገባኝም አልፈልግም ነበር። ጥቂት ሮጠው ብዙ የሚመካከሩበት፣ ሲደክማቸው ሳይሆን ገና ሲሞቃቸው የሚቆሙበት ነገር ነው። ልጄ ግን ይወደዋል። ትከሻው ሰፊ ነው፤ ሩጫው ከአባቱም ከእናቱም ወገን የመጣ አይመስልም። አሰልጣኙ አንድ ቀን ወደ ጎን ወስዶ፣ እንዲህ ከቀጠለ ዩኒቨርሲቲ በነፃ ሊገባ እንደሚችል ነገረኝ። እኔ ሎስ አንጀለስ፣ ዌስትቼስተር ሰፈር ውስጥ ከሆቴል ኤርፖርት እንግዳ የማመላልስ ሹፌር ነኝ፤ ባለቤቴ አረጋውያን ቤት ትሠራለች። ያንን ወሬ ይዤ ቤት የገባሁ ቀን ሁለታችንም ጨዋታውን ወደድነው።

የልጄ ሥራ ከኋላ ሆኖ መጠበቅ ነው። የተቃራኒው ቡድን ኳሷን አርቆ ሲወረውር፣ ሊቀልባት የሚሮጠውን ልጅ ተከትሎ ማስጣል። በክንድም በትከሻም ይሁን፣ ብቻ ማስጣል አለበት።

የትምህርት ቤቱ ሜዳ መብራት ስለሌለው የሚጫወቱት ቅዳሜ ከሰዓት ነው። የዚያን ዕለት ፀሐዩ አናት ይበሳል። ኳሷ በጣም ከፍ ብላ ተወረወረች። የተቃራኒው ቡድን ልጅ ፊቱን ወደ ሰማይ አቅንቶ፣ ሁለት እጁን ዘርግቶ ዘለለ። ልጄ ከማዶ በኩል እየበረረ መጣ። ድምፁ አሁንም ከጆሮዬ አልወጣም፤ በር በንፋስ ተገፍቶ ሲዘጋ የሚሰማው ዓይነት ነው። ኳሷ ወደቀች። የእኛ ወገን ተነስቶ ጮኸ፤ እኔም ከሁሉም በላይ ጮህኩ። ከዚያ የተመታው ልጅ አልነሳ ሲል ጩኸቱ እየሳሳ ሄደና ሜዳው ሁሉ ዝም አለ። አንዲት ሴት አጥሩን አልፋ ስትሮጥ አየሁ፤ እናቱ መሆኗን ለማወቅ ሰው መጠየቅ አላስፈለገኝም።

ዳኛው ቢጫ ጨርቅ ወርውሮ ነበር። በዚህ ጨዋታ ቢጫ ጨርቅ ከተወረወረ ጥፋት ተፈጽሟል ማለት ነው። ዳኞቹ ተሰብስበው ጥቂት ተነጋገሩና ልጄን ከሜዳ አስወጡት። መከላከል የማይችልን ተጫዋች ከአንገቱ በላይ መትቷል አሉ። በእነሱ ሊግ በዚህ ጥፋት የወጣ ተጫዋች ቀጣዩንም ጨዋታ አይሰለፍም። ቀጣዩ ጨዋታ ደግሞ የዩኒቨርሲቲ ሰዎች መጥተው ልጄን የሚያዩበት ነበር። ያ ቀን ካለፈ ሌላ ቀን አይኖርም፤ ዓመቱ አልቋል።

የተጎዳውን ልጅ አምቡላንስ ከወሰደው በኋላ አሰልጣኙ እኔንና ባለቤቴን መኪና ማቆሚያው ጋ አገኘን። ምቱ ሕጋዊ ነው አለ። በትከሻ ነው፣ ያረፈውም ደረቱ ላይ ነው፤ አንድ ወላጅ በስልኩ ቀርጾታል፤ ይግባኝ እንላለን። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ውሳኔው እስኪመጣ ከዚያኛው ቤተሰብ ጋር እንዳንገናኝ አስጠነቀቀን። እንዳንደውል፣ መልእክት እንዳንልክ፣ በተለይ ይቅርታ የምትለዋን ቃል እንዳንተነፍስ። ይቅርታ ካልን ጥፋቱን አመንን ማለት ነው። "ኦኬ፣ ኖ ፕሮብሌም" አልኩት። ለእኔ ምክሩ የሚከብድ አልመሰለኝም።

በነጋታው ከቤተ ክርስቲያን መልስ የሐበሻ ምግብ ቤቶች በተደረደሩበት በፌርፋክስ መንገድ ላይ ሁልጊዜ ከምንቀመጥበት ምግብ ቤት ገባን። ቪዲዮው ከእኛ ቀድሞ ደርሷል። ስልክ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፤ ጥብሱን የሚያየው የለም። አንዱ ጓደኛዬ ሆሊውድ የሆቴል መኪና ፓርክ የሚያደርግ ሲሆን ፉትቦል በማየት ብዙ ዓመት ስለቆየ ራሱን እንደ ዳኛ ይቆጥራል። ሌላው ዲቪ ደርሶት በቅርቡ የመጣ፣ ምግብ እያደረሰ የሚኖር፣ ነገር የማይለቅ ሰው ነው።

"ሊጋል ነው" አለ የሆሊውዱ። "ሄልሜቱ አልነካውም፤ ሾልደሩ ነው። ስሎው አድርገህ እየው።"

"ስሎው ሳደርገውማ ሊያቅፈው የመጣ ነው የሚመስለው" አለ ያኛው። "ልጁ የሮጠው በስሎው ነው እንዴ?"

"ሩሉ የሚያየው የት እንዳረፈ ነው።"

"አየር ላይ ነበር እኮ! እጁ ወደ ላይ፣ ዓይኑ ኳሷ ላይ። በምኑ ይከላከል?"

"ሶ፣ እንኳን ደህና መጣህ ብሎ ያሳልፈው? ሥራው እኮ ማስጣል ነው!"

እኔ በዚያ ሌሊትና ጠዋት ሕጉን ከስልኬ ላይ ስለቅመው ነበር። በሄልሜት አናት መምታት ጥፋት ነው። መከላከል የማይችልን ሰው ጭንቅላቱን ወይም አንገቱን መምታት ጥፋት ነው። ከዚያ በታች፣ በትከሻ፣ ኳሷ ስትደርስ ከሆነ ግን የፈለገውን ያህል ቢያም ሕጋዊ ነው። ይህንን እንደ ጠበቃ አስረዳኋቸው። ምግብ አድራሹ፣ "ደረት የት ያልቅና አንገት የት ይጀምራል?" አለኝ። እኔም በገዛ አንገትጌዬ ላይ ጣቴን አስቀምጬ አሳየሁት። እሱ ደግሞ የራሱን ትንሽ ከፍ አድርጎ አሳየኝ። በዚያች በጣት ስፋት ተጨቃጨቅን፤ ሁለታችንም ተቆጣን።

አባቴ ከጥግ ተቀምጠዋል። እናቴ ካረፈች በኋላ እኔ ቪዛ ጠይቄላቸው ወደዚህ የመጡ ናቸው። ፉትቦል አያውቁም፤ እንግሊዝኛም ከሰላምታ አያልፉም። ስልኩ እሳቸው ጋ ሲደርስ መነጽራቸውን አውጥተው አንድ ጊዜ ብቻ አዩና መለሱት።

"ልጁስ?" አሉኝ።

"የቱ ልጅ?"

"የወደቀው።"

"አልሰማንም አባባ።"

"ሆስፒታል ነው ቤቱ?"

"እሱንም አላወቅንም።" የአሰልጣኙን ማስጠንቀቂያ ነገርኳቸው። እዚህ አገር ኢንሹራንስ እንዳለ፣ ጠበቃ እንዳለ፣ አጥፍተናል ብሎ በአፉ የተናገረ ሰው በአፉ እንደሚያዝ ዘረዘርኩላቸው።

"ሕጋዊ ነው እያላችሁ ነው አይደል" አሉ። "እሺ፣ ሕጋዊ ይሁን። የወደቀ ልጅ ግን አለ።"

አባቴን ለማያውቅ ይህ የሽማግሌ ንግግር ሊመስለው ይችላል። እሳቸው ግን ዕድሜያቸውን በሙሉ በዚህ ሥራ የኖሩ ሰው ናቸው። በእኛ አካባቢ በሁለት ቤት መካከል ደም ከፈሰሰ ወይም አጥንት ከተሰበረ፣ ማን አጠፋ የሚለው የመጀመሪያው ጥያቄ አይደለም። ከመቺው ወገን ሽማግሌዎች ይነሳሉ። ሳይፈለጉም ሳይጠሩም ሄደው የተጎጂው በር ላይ ይቆማሉ፤ ግቡ እስኪባሉ አይገቡም፤ የሚናገሩትም አንድ ነገር ብቻ ነው፦ አጥፍተናል። ድንገተኛ አደጋም ቢሆን፣ የወጋው በሬም ቢሆን አጥፍተናል ነው የሚባለው። ክርክሩ፣ ምስክሩ፣ ካሣው ከዚያ በኋላ ይመጣል። ያቺ ቃል ሳትባል የሚያልፍ እያንዳንዱ ቀን ሌላ በደል ነው። ይህንን ሁሉ አውቃለሁ፤ ያደግሁበት ነው። ሎስ አንጀለስ ይሠራል ብዬ ግን አላሰብኩም። አባቴ ዝም ሲሉም የተስማሙ መሰለኝ።

አልተስማሙም። ማክሰኞ ከሥራ ስገባ አባቴ የክት ኮታቸውን እንደለበሱ ሶፋው ላይ ተቀምጠዋል።

"ጠይቀነው መጣን" አሉኝ።

"ማንን?"

"ልጁን ነዋ።"

ክው አልኩ። እሳቸው ግን እርጋታቸው ሌላ ነው። ልጄ በስልኩ አስሶ የተጎዳውን ልጅ እህት አግኝቷል፤ አድራሻ የሰጠችው እሷ ናት። የቤተ ክርስቲያናችንን አንድ ሽማግሌ ጨምረው፣ ብርቱካንና ጭማቂ ገዝተው፣ ልጄ ድራይቭ አድርጎ ግሌንዴል ድረስ ወስዷቸዋል። ሰዎቹ አርመኖች ናቸው። አባቴ ይህንን ሲነግሩኝ ፊታቸው በራ፤ በልጅነታቸው አዲስ አበባ አርመን ልብስ ሰፊ ጎረቤት ነበራቸውና የዘመድ ቤት የሄዱ ያህል ሆኖ ተሰምቷቸዋል።

በሩ ላይ ባርኔጣቸውን አውልቀው ቆሙ። የከፈተችው እናትየው ናት። አባቴ አጥፍተናል፣ ልጃችን ልጃችሁን ጎድቷል፣ በእግዚአብሔር ስም ይቅር በሉን አሉ። ልጄ አጠገባቸው ቆሞ ተረጎመ። እናትየው እጇን አጣምራ ለብዙ ጊዜ ስታያቸው ቆየች። ከዚያ ከውስጥ አንድ የሸመገሉ ሰው በዱላ እየተደገፉ መጥተው፣ በራሳቸው ቋንቋ ለእሷ አንድ ነገር ተናግረው የአባቴን እጅ ያዙ። ያን ጊዜ እናትየው አለቀሰች። ሽማግሌዎቹ ሳሎን ተቀመጡ፤ ልጄ ተጎጂው ወዳለበት ክፍል ገባ።

"ልጆቹ ለብቻቸው ብዙ ቆዩ" አሉ አባቴ። "ደግ አደረጉ።"

ደሜ ፈላ። "አባባ፣ ምን አደረጉኝ? አጥፍተናል አሉ? በልጄ አፍ?"

"በማን አፍ ልበል? የመታው እሱ ነው።"

"ነገ እኮ ነው የሚወሰነው! ሰዎቹ ይህንን ቢናገሩ ልጁ አለቀለት። ዩኒቨርሲቲውን ዘጉበት!"

አባቴ ላይ እንደዚያ ጮኼ አላውቅም። ባለቤቴ ከኩሽና ወጥታ እኔን በዓይኗ ገሰጸችኝ፤ ግን እሷም ፊቷ ገርጥቷል። አባቴ አልተቆጡም። ኮታቸውን አውልቀው በወንበሩ ጀርባ ላይ በጥንቃቄ ሰቀሉና፣ "ብንቀር የሚሻል ነበር ነው የምትለኝ?" አሉ። ከዚያ ወደ ክፍላቸው ገቡ።

ልጄን ሄጄ ጠየቅኩት። አልጋው ላይ ተጋድሞ ጆሮው ላይ ማዳመጫ አድርጓል።

"ምን ብለህ ነው የተረጎምከው?"

"አባባ ያለውን።" እሱ አያቱን አንቱ አይልም፤ እሳቸውም ተስፋ ቆርጠው ትተውታል።

"ቀለል አድርገህ ማለት አትችልም ነበር? ሶሪ ስለደረሰባችሁ ነገር፣ ምናምን?"

"ኖ ዳዲ። ያለውን ነው ያልኩት።" ማዳመጫውን መለሰና ወደ ግድግዳው ዞረ።

በማግስቱ አሰልጣኙ ሲደውል ተርሚናሉ በር ላይ የእንግዳ ሻንጣ እየጫንኩ ነበር። ሻንጣውን እንደያዝኩ አነሳሁት። ቪዲዮው ታይቷል፤ ትከሻው ደረት ላይ እንዳረፈ ተረጋግጧል፤ ቢጫው ጨርቅ ስህተት ነበር ተብሎ ቅጣቱ ተሽሯል። የዚያኛው ቤተሰብ ምን አለ ብዬ ጠየቅኩት። ምንም አላሉም አለኝ፤ ማንም ከእነሱ ቃል አልሰማም። ሻንጣውን ጥዬ ዘለልኩ። እንግዳዋ ደንግጣ መልካም ዜና ነው ወይ አለችኝ፤ ልጄ ነፃ ወጣ አልኳት። እስር ቤት የነበረ ሳይመስላት አልቀረም።

ፌርፋክስ ላይ ተጨበጨበልኝ። ምግብ አድራሹ እንኳን ተነስቶ ጨበጠኝ፤ "በአንገትጌው አሸነፍከኝ" አለ። አባቴ፣ "እግዚአብሔር ይመስገን" አሉና ሌላ ነገር አልጨመሩም። ልጄ ሲሰማ "ኦኬ" ብቻ አለ። ደስታው ከውስጥ ነው ብዬ ለራሴ ነገርኩት።

ቅዳሜ ከፌርፋክስ ብዙ ሰው መጣ። ከላይኛው ረድፍ ኮፍያ ያደረጉ፣ ታብሌት የያዙ ሁለት ሰዎች ተቀምጠዋል፤ አሰልጣኙ በአገጩ አመለከተኝ። ባለቤቴ የሥራ ፈረቃዋን ቀይራ ከጎኔ ናት፤ እጄን ይዛ አልለቅ አለች፤ አባቴ ከእሷ ወዲያ ተቀምጠዋል። ጨዋታው እንደተጀመረ ልጄ ጥሩ ሮጠ፤ አንድ ኳስም አስጣለ። ታብሌቱ ላይ ሲጽፉ አየሁ።

ከዚያ እንዳለፈው ዓይነት ኳስ መጣች። ከፍ ብላ፣ ቀስ ብላ የምትወርድ። የተቃራኒው ቡድን ልጅ ፊቱን ወደ ላይ አድርጎ፣ እጁን ዘርግቶ ዘለለ። ልጄ ከማዶ እየበረረ መጣ። ሁላችንም ተነሳን። ልጁ ጋ ሊደርስ ትንሽ ሲቀረው ልጄ ቆመ። እግሩ አልተያዘም፣ አልተንሸራተተም። ቆመ፤ ሁለት እጁንም ከፊቱ ዘረጋ፣ የሚወድቅ ሰው ሊቀበል እንደተዘጋጀ። ያ ልጅ ኳሷን ቀልቦ በሰላም መሬት ረገጠ፤ ልጄን አልፎ ሮጦ አገባ።

ሁለተኛ ጊዜም እንደዚያው ሆነ። አሰልጣኙ ልጄን አስወጥቶ ኮፍያውን መሬት ላይ ወረወረ። ልጄ ሄልሜቱን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀመጠ፤ እስከ መጨረሻው አልገባም። ባለታብሌቶቹ ጨዋታው ሳያልቅ ተነስተው ሄዱ። ከኋላዬ የሆሊውዱ ጓደኛዬ፣ "ፈራ፤ በቃ ተበላሸ" ሲል ሰማሁት። አፍሬ ነበር። ልጄ በመታ ቀን አላፈርኩም፤ ባልመታ ቀን አፈርኩ። የተናደድኩት ደግሞ ከሁሉም በላይ በአባቴ ነው፤ በዚያ በር ላይ ልጄን ሰብረውት የመጡ መሰለኝ።

ባለቤቴ አባቴን ይዛ በራሷ መኪና ሄደች። እኔና ልጄ ብቻችንን ተመለስን። ፍሪዌው ተጨናንቋል፤ መኪናው ሁሉ ይንፏቀቃል። ለመታገስ ሞከርኩ፤ አልቻልኩም።

"ተፈርዶልህ እኮ ነበር! ሕጋዊ ነው ተብሎልህ!"

"አውቃለሁ ዳዲ። ሊጋል ነበር። ቪዲዮውን ከአንተ በላይ አይቼዋለሁ።"

"ታዲያ ምን ነካህ? አባባ ናቸው አይደል? የእሳቸው ነገር ነው ያስፈራህ?"

"አባባ ምንም አላለኝም።"

የጎን መስኮቱን እያየ ነበር።

"የልጁ ክፍል ጨለማ ነው" አለ በመጨረሻ። "ብርሃን ያመዋል። ስገባ ማነህ አለኝ። የመታሁህ እኔ ነኝ፣ ሶሪ፣ አልኩት። ዝም አለ። ከዚያ ኢትስ ኦኬ፣ ጌም ነው፣ አለኝ። ተቀመጥኩ። ስለ ትምህርት ቤት፣ ስለ መኪና ምናምን አወራን። ጥሩ ልጅ ነው ዳዲ። እየሳቀ ነበር።"

"እና?"

"ከዚያ አየኝና፣ ሶሪ፣ ማነህ አንተ፣ አለኝ።"

ከፊታችን ያለው መኪና ተንቀሳቅሷል፤ እኔ ግን ቆሜያለሁ። ከኋላ ጡሩምባ ተነፋብኝ።

"ቀልድ መሰለኝ። አይደለም። እህቱ ውጪ ጠራችኝ። አእምሮው አዲስ ነገር አይይዝም አለችኝ። ዶክተሮቹ ሊመለስ ይችላል ብለዋል፤ መቼ እንደሆነ ግን አያውቁም። ሲጠይቅህ ጓደኛህ ነኝ በለው፣ አለችኝ። እሱ አያውቅም፣ አንተም አትቸገር፣ አለችኝ።"

"እንደሱ አልከው?"

"ልለው ነበር። ተመልሼ ገባሁ፤ ማነህ አለኝ። አፌ ላይ ነበር ዳዲ። ግን ፊቱን ሳየው አልቻልኩም። የመታሁህ እኔ ነኝ አልኩት። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ጠየቀኝ፤ ደግሜ ነገርኩት።"

ልጄ ወደ እኔ ዞረ። እያለቀሰ እንደነበር ያን ጊዜ ነው ያየሁት።

"አባባ አንዴ ነው ያለው። እኔ ግን በጠየቀኝ ቁጥር ነገርኩት። እሱም በነገርኩት ቁጥር፣ ገና አሁን እንደሰማ ደንግጦ ዝም ይላል። ከዚያ እንደገና ይቅር ይለኛል።"